በሦስት ስም የተነሣው አንድ እጅ፦ የወይዘሮ ታቢታ ሻላሞ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ታቢታ ሻላሞ ከአባታቸው ከአቶ ሻላሞ ዳንጊሶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራሔል ላሊሞ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. በሸበዲኖ ወረዳ በለኩ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው አምስት ዓመት ቆይቶ የተወለደው ወንድማቸው አልአዛር ሻላሞ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ሰው ነው። ሌላ ሰው ይጻፈው የሚል ሐሳብ በቤተሰቡ ውስጥ ተነሥቶ ነበር፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን እሱ ራሱ ይጻፈው፣ የጻፈውም ሳይቀነስ ይነበብ የሚል ሆነ። ለቀስተኛው ትንሽ ታግሦ እንዲያዳምጥ ቤተሰቡ ይለምናል።

አባታቸው በግንባታ ሥራ ተቀጥረው ስለነበር ቤተሰቡ በ1971 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ መጥቶ ባህል አዳራሽ አካባቢ መኖር ጀመረ። እናታቸው በ1974 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ ወይዘሮ ታቢታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተው ማታ ስለሚገቡ ታናሽ ወንድማቸውን የሚተዉበት ሰው አልነበራቸውም። ስለዚህ አዝለውት ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። አስተማሪያቸው ሁለት ቀን መለሷቸው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሕፃኑን ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። አልአዛር ሀሁን የቆጠረው በእህቱ ክፍል ውስጥ፣ የእህቱን ግማሽ ዳቦ እየበላ ነው። ወይዘሮ ታቢታ ይህን ውለታቸውን አንድ ቀን እንኳ አንሥተው አያውቁም፤ በኋላ ሊያነሡት የሚገባቸው ጊዜ ሲመጣም አላነሡትም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1983 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው በራዲዮግራፊ ሙያ ሠለጠኑ፤ በ1986 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀው ይርጋለም ተመደቡ። አራት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ወደ ሐዋሳ ተዛውረው፣ ከጊዜ በኋላም በከተማችን በተከፈተ አንድ የምርመራ ማዕከል የኤምአርአይ ማሽን ኃላፊ ሆኑ። የማሽኑ ክፍል ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ወይዘሮ ታቢታ ታማሚ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ጋዋናቸው ላይ አሻሽተው ያሞቁ ነበር። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል በዚያ እጅ ተደግፋችሁ የተኛችሁ ብዙዎች ናችሁ።

በ1990 ዓ.ም. ከመምህር ፍቅሬ ጌታሁን ጋር በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ጋብቻቸውን ፈጽመው ብሌንን በ1991፣ ሔኖክን በ1995 ዓ.ም. ወለዱ። መምህር ፍቅሬ በ2005 ዓ.ም. በሻሸመኔ መንገድ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ሔኖክ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና የታዳጊዎች አሠልጣኝ የነበረው አልአዛር በለቅሶው ማግስት ለእህቱ፣ “እትዬ፣ ሔኖክን ለእኔ ተዪው፤ አባት አጣ አይባልም” አላቸው። እውነትም ለአምስት ዓመት አልተባለም። ቅዳሜና እሑድ ልጁን ከሜዳ አይለየውም ነበር። ወይዘሮ ታቢታም ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ “አጎቱ ጋ ነው” ብለው በሙሉ ልብ ይመልሱ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆና የሐይቆች አገሮች የእግር ኳስ ኅብረት በየሁለት ዓመቱ የሚያካሂደው የከተሞች ዋንጫ ወደ ሐዋሳ መጣ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከስድስት አገር የመጡ የከተማ ምርጥ ቡድኖች የሚሳተፉበት ውድድር ነው። የዚያን ሰሞን ነገር የማያስታውስ የለም። የመንገዱ ጠርዝ ጥቁርና ነጭ ተቀባ፤ ባጃጁ ሁሉ ባንዲራ ሰቀለ፤ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች በእንግዳ ሞሉ። የአስተናጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ የሆኑትን ሰው ስም እዚህ መጥራት ለቀብር ሥርዓት አይመችም፤ እሳቸውም ስማቸው በሌላ ቦታ በበቂ ይጠራል። አልአዛር የእኛ ቡድን መሪ ሆኖ ተሾመ።

የኅብረቱ ደንብ የእያንዳንዱ ተጫዋች የግራ እጅ አንጓ በኤምአርአይ እንዲነሣ ያዛል። በዚያ ቦታ ያለው የአጥንት ማደጊያ መስመር በልጅ ላይ ክፍት ሆኖ ይታያል፤ በጎልማሳ ላይ ተዘግቷል። ፓስፖርት ሊዋሽ ይችላል፣ አጥንት ግን አይዋሽም ተብሎ የተደነገገ ነው። ሥራው ወይዘሮ ታቢታ ለሚሠሩበት ማዕከል ተሰጠ። የአምስቱን እንግዳ ቡድኖች ልጆች በሙሉ እሳቸው ራሳቸው አነሷቸው። የእኛ ቡድን ተራ ግን ቅዳሜ ቀን ዋለ። ወይዘሮ ታቢታ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኩ ሄደው፣ ከታመሙ ወዲህ ወደዚያ የተመለሱትን አባታቸውን ያጥቡ ነበር። ቀኑ በአጋጣሚ ቅዳሜ አልዋለም። ቅዳሜን የመረጠው አልአዛር ነው፤ እህቱ የት እንደሚውሉ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና።

በእኛ ቡድን ውስጥ ዕድሜያቸው ያለፈ ሦስት ተጫዋቾች ነበሩ። አንደኛው አሥራ ዘጠኝ፣ ሁለተኛው ሃያ፣ ሦስተኛው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የእነሱ እጅ ቢነሣ ይወድቃሉ። ስለዚህ በእነሱ ስም ሌላ እጅ ገባ። ጠዋት፣ ከምሳ በፊት እና ከሰዓት በኋላ፣ በሦስት የተለያየ ማሊያና በአንድ ኮፍያ የገባው አንድ ልጅ ነው። በሩ ላይ ፎቶና ፊት የሚያመሳስለው የኮሚቴው ሰው አይቶ እንዳላየ ሆነ። በማሽኑ ላይ የነበረው ሙባረክ የሚባል ከተቀጠረ ሦስት ወር ያልሞላው ባለሙያ ነው። በኋላ ሲጠየቅ “እኔ ስም ጠራሁ፤ የገባውን እጅ አነሣሁ” ብሎ የመለሰው ውሸት አልነበረበትም። የገባው ልጅ ሔኖክ ፍቅሬ ነበር። ያስገባው አጎቱ አልአዛር ነው።

የውድድሩ ሁለተኛ ጨዋታችን ከታንዛንያዋ ከተማ ከኪጎማ ልጆች ጋር ነበር። በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ዘጠኝ ቁጥራችን ለአየር ኳስ ሲዘል አንድ ቀጭን የኪጎማ ልጅ ደረቱ ሥር ገባ። ስታዲየሙ በጭብጨባ ሲናጋ ልጁ ከመሬት አልተነሣም። ወደ ማዕከሉ ሲያመጡት ተረኛ ባለሙያዋ ወይዘሮ ታቢታ ነበሩ። ልጁ የሚናገረው ስዋሂሊ ብቻ ስለነበር እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ከዚያ ለቀው አሳዩት፤ ልጁም እንዳየው አደረገ። ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ለሁለት ተሰብሮ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ያመጣውን ሐኪም “ማን ነው የመታው?” ብለው ጠየቁት። “ዘጠኝ ቁጥር” አላቸው። “ልጅ ነው እንዲህ የሚሰብረው?” ብለው የዘጠኝ ቁጥሩን ፋይል ከፈቱ።

ፋይሉ ንጹሕ ነበር፤ መስመሩ ክፍት፣ የልጅ እጅ። ሊዘጉት ሲሉ አንድ ነገር አዩ። ከአውራ ጣት በታች ባለው አጥንት ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነጥብ አለች፤ ከጎኗም አጥንቱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ የገጠመበት ቦታ። ሔኖክ በዘጠኝ ዓመቱ ከዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቆ የግራ እጁ አንጓ ሲሰበር ራጅ ያነሡት እናቱ ነበሩ። ከዚያ በኋላም ሲድን ሦስት ጊዜ አንሥተውታል። ያን አጥንት እንደ ልጃቸው ፊት ያውቁታል። ቀጥለው የሌሎቹን ተጫዋቾች ፋይል አንድ በአንድ ከፈቱ። በአራት ቁጥር ስምም ያው እጅ። በአሥራ አንድ ቁጥር ስምም ያው እጅ።

ቤት ገብተው ልጃቸውን ጠየቁት። ሔኖክ ለመዋሸት አልሞከረም። “ጋሼ አልአዛር ነው የወሰደኝ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ውስጥ አስገባሃለሁ ብሎኛል። አንቺ እንደምታውቂ ነበር የነገረኝ” አላቸው። ብሌን እንደምትናገረው፣ እናቷ ያን ቀን የተቀመጡበት ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት ጫማቸውን ሳያወልቁ ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት አልአዛርን በማዕከሉ በር ላይ ጠበቁት።

“እትዬ፣ ሦስት ልጆች ናቸው፤ የዚሁ ከተማ ልጆች። ማን ተጎዳ?” አላቸው።

“አንዱ ውስጥ ተኝቷል፤ ግባና እየው” አሉት።

“ኳስ ላይ ሰው ይሰበራል። ሁሉም አገር እኮ የሚያደርገው ነው።”

“የሌላውን አገር አላውቅም። ሔኖክን ማን ጠይቀህ ወሰድከው?”

እህቱ አልጮሁበትም። “እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለህ። አንተ ራስህ ሄደህ ሦስቱን አስወጣ። የሔኖክ ስም ሳይነሣ፣ ያንተም ስም ሳይጠፋ ይለቅ። ከስድስት በኋላ እኔ እሄዳለሁ” ብለውት ወደ ሥራቸው ገቡ።

አልአዛር ወደ ሰብሳቢው ሄደ። ሰብሳቢው ከኅብረቱ እንግዶች ጋር ዓሣ ይበሉ ነበር። ወደ ጎን ወሰዱትና “እህትህ አይደለች? ያዛታ” አሉት። አልአዛር ሊይዛቸው አልሞከረም፤ ሦስቱንም አላስወጣም። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቀ። ያደረገው ይህንኑ ብቻ ነው፤ መቀመጥ።

ወይዘሮ ታቢታ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሦስቱን ፋይል ይዘው ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ሆቴል ሄዱና ለኅብረቱ ሐኪም አስረከቡ። ሐኪሙ ሦስቱ አንድ እጅ መሆናቸውን ተቀበለ፤ “የሦስቱም ሳይሆን የአራተኛ ሰው መሆኑን በምን አወቁ?” ሲላቸው ግን ያወቁበትን ነገር መናገር ግድ ሆነባቸው። “የልጄ እጅ ነው” አሉት። የድሮውን የራጅ ፊልም ከቤት አምጥተው መስኮቱ ላይ አስደግፈው አሳዩት። በገዛ ልጃቸው ላይ የመሰከሩት እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ሙሉ የተወቀሱበትም ይኸው ነው፤ ከሁሉም ወቀሳ የልጃቸው ከበዳቸው።

ቡድናችን ከውድድሩ ተሰረዘ። ከተማው ማንን እንደሚወቅስ ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የሰፈሩ ባጃጆች ወይዘሮ ታቢታን አንጭንም አሉ። በራቸው ላይ የተበላሸ ዓሣ ተጣለ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ዕለት፣ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ ሰላም ሊሏቸው የነበሩ ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ከቤተ ክርስቲያን እንኳ አንድ ሽማግሌ ቤታቸው መጥተው “ታቢታ፣ የሕዝቡን ደስታ ባትወስጂ ምን ነበረበት? በጸሎት ይያዝ ነበር” አሏቸው። ወይዘሮ ታቢታ “አባቴ፣ የኪጎማው ልጅ ስብራት በጸሎት ተይዞ አልቀረም” ብለው መለሱላቸው። ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ቅር የሚላቸው አይኖርም።

ሔኖክ ሁለት ዓመት ከኳስ ታገደ። ትምህርት ቤት ሲገባና ሲወጣ “እጅ በኪራይ” እያሉ ይጠሩት ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ዲላ ወርዶ የኤሌክትሪክ ሥራ ጀመረ። ከእናቱ ጋር ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገረም።

አሁን ቤተሰቡ እንዲነበብ የወሰነው ጉዳይ ይከተላል። አልአዛርም ሁለት ዓመት ታግዶ ነበር። በጥር 2011 ዓ.ም. ሰብሳቢው ቢሯቸው አስጠርተውት አንድ የተተየበ ደብዳቤ አቀረቡለት። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ “እህቴ ወይዘሮ ታቢታ ሻላሞ በዚያ ሰሞን በሥራ ብዛትና በአባታችን ሕመም ምክንያት ደክመውና ተረብሸው ስለነበር የተጫዋቾቹን ፋይል ከልጃቸው የሕክምና ፋይል ጋር አቀላቅለዋል ብዬ አምናለሁ።” ሰብሳቢው “ይህን ፈርም፤ እገዳው ይነሣል። ለእሷም ምንም አይደርስባትም፤ ሰው ይሳሳታል” አሉት። አልአዛር ፈረመ። የአባቱን ሕመም ሰበብ አድርጎ፣ አባቱን የሚያጥቡትን እህቱን አሳልፎ ሰጠ። ኅብረቱ በዚያ ደብዳቤ ላይ ተመሥርቶ ጥፋቱ የአንድ የምርመራ ባለሙያ ስሕተት ነው ብሎ ጉዳዩን ዘጋ። ማንም አልተጠየቀም። ወይዘሮ ታቢታ ከማሽኑ ተነሥተው ካርድ ክፍል ተመደቡ፤ ሃያ አራት ዓመት በሠሩበት ሙያ ላይ አንድም ቀን ሳይመለሱ ስድስት ዓመት ካርድ ሲፈልጉና ሲያቀብሉ ኖሩ። ሰብሳቢው በቀጣዩ ጉባኤ የኅብረቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። አልአዛር ደግሞ በአንገቱ ባጅ አንጠልጥሎ ከቡድኖች ጋር ኪጋሊ፣ ካምፓላና አሩሻ ተመላለሰ። ከየሄደበት ለእህቱ ልጆች ማሊያ ይልክ ነበር። ማሊያዎቹ ሳይከፈቱ ይመለሱለት ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የወይዘሮ ታቢታን በር ያንኳኳ አንድ ሰው አለ። ዘጠኝ ቁጥሩ ሱሌይማን ነው፤ ዛሬ በገበያው ውስጥ የሱቅ ባለቤት ሲሆን ስሙ እንዲጠቀስ ራሱ ፈቅዷል። በ2012 ዓ.ም. መጥቶ በር ላይ ቆሞ “እትዬ ታቢታ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያን ልጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ። የትም ይሁን የት ልመስክርልዎት” አላቸው። አብረው ወደ ማዕከሉ ሄዱ። ጉዳዩ ተዘግቷል ተባሉ። ሱሌይማን ከዚያ ወዲህ የበዓል ቀን ሳይጠይቃቸው ቀርቶ አያውቅም፤ የእሱ በዓል ይሁን የእሳቸው አይለይም ነበር። የሥጋ ወንድማቸው ግን ከቤታቸው አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ይኖር ነበር።

አባታቸው በ2012 ዓ.ም. ሲያርፉ እህትና ወንድም በአንድ ድንኳን ሦስት ቀን ተቀምጠው ቃል አልተለዋወጡም።

ወይዘሮ ታቢታ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሕመም ተሰማቸው። ለምርመራ የገቡት ራሳቸው ይመሩት በነበረው ማሽን ውስጥ ነው። ያነሣቸው ሙባረክ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን እንዴት እንደሚነግራቸው ሲጨነቅ እሳቸው ምስሉን በስክሪኑ ላይ አይተው “ጉበት ላይ ደርሷል፤ አትድከም” አሉት። ሔኖክ ከዲላ ሥራውን ትቶ መጣ። እናቱን አቅፎ ወደ መታጠቢያ የሚወስዳቸው እሱ ነበር። በእናትና በልጅ መካከል የነበረው ነገር ሁሉ ተፈታ ብሎ መጻፍ ደስ ባለ፤ ብሌን ግን እንዲህ ብለህ እንዳትጽፍ ብላለች። አብረው ነበሩ፤ ይህ በቂ ነው።

አልአዛር ወደ እህቱ አልጋ የመጣው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ወይዘሮ ታቢታ፣ “ይቅር ብዬሃለሁ። ከዛሬ በፊትም ይቅር ብዬሃለሁ” አሉት። አልአዛር ሲያለቅስ ጠበቁትና፣ “ግን ደብዳቤህ አሁንም ፋይሌ ውስጥ ነው” አሉት።

በማግስቱ አልአዛር ደብዳቤውን ለመሻር ወደ ማዕከሉ ሄደ። የሰው ኃይል ክፍሉ “ማኅደሩ ወደ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ አይከፈትም” አለው። ለኅብረቱ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጋ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ በሦስተኛው “የታመመች ሴት ላይ የድሮ ነገር አትቀስቅስ” የሚል መልእክት በሰው ላኩበት። እህቱ በሕይወት ሳሉ የሻረላቸው ነገር የለም። ትናንት ኅብረቱ የአበባ ጉንጉን ሊልክ እንደሚፈልግ ደውሎ አስታውቋል። ብሌን “አትላኩ” ብላለች።

ስለዚህ ሌላ የሚሰማ ቢሮ ስላልተገኘ፣ አልአዛር ሻላሞ በዚህ በእህቱ አስከሬን ፊትና በሕዝቡ ፊት ያስታውቃል፦ በጥር 2011 ዓ.ም. የፈረመው ደብዳቤ ሐሰት ነው። ወይዘሮ ታቢታ ምንም ፋይል አላቀላቀሉም። አልደከሙም፤ አልተሳሳቱም። ሔኖክ ልጅ ነበር፤ ያታለለው አጎቱ ነው። ይህ ወረቀት ከዛሬው ለቀስተኛ ቁጥር በላይ ብዙ ሆኖ ታትሟል። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይዛችሁ እንድትሄዱ፣ ስለ እሳቸው ሌላ ነገር ለሚነግራችሁ ሰው እንድታስነብቡ ቤተሰቡ ይጠይቃል።

ወይዘሮ ታቢታ ሻላሞ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በተወለዱ በ51 ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ኅዳር 20 ቀን ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል። ከኋላቸው ልጆቻቸው ብሌን ፍቅሬና ሔኖክ ፍቅሬ፣ እንዲሁም ወንድማቸው አልአዛር ሻላሞ ቀርተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩዋቸው ሁሉ፣ በተለይም ለአቶ ሱሌይማንና ለአቶ ሙባረክ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

የጽድቅ ዳኛ የሆነው እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እውነት ዋጋ በማያስከፍልበት አገር ያሳርፍ። ለልጆቻቸው ሰው ሊሰጣቸው ያልቻለውን መጽናናት ይስጥ። ለወንድማቸው የሚጸልይ ሰው ካለ ቤተሰቡ አይከለክልም።